መንፈስ አካል ሲገዛ

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ በመኝታ ክፍላችን ለሚኖር አንድ ወንድማችን ከአሜሪካ አገር አንድ ሣጥን ደረሰው። ሣጥኑ ቁመቱ ከስንዝር የማያልፍ፣ ፊቱ እንደ መስኮት በሚያሳይ ፕላስቲክ የተሸፈነ ካርቶን ነው። በመስኮቱም በኩል አረንጓዴ፣ ድብልብል፣ እግር የለሽ፣ አፉን በሰፊው የከፈተ ፍጡር ወደ ውጭ ይመለከታል። የላከለት ታላቅ ወንድሙ ሲሆን፣ ከተለያዩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል።

ከመካከላችን አንዱ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው፣ ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ከፈለገ በኋላ፣ «እንዳትከፍተው! ይኸን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ሣጥኑ እንደታሸገ ከሆነ ይፈለጋል፤ ከተከፈተ ግን ዋጋው ይወድቃል» ሲል አስጠነቀቀ። ሌላው ደግሞ፣ «ለሕፃን የሚሆን አሻንጉሊት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ! ጫማ ቢልክልህ አይሻልም ነበር?» አለ። ባለቤቱ ለሁለቱም መልስ አልሰጠም። ሣጥኑን ሳይከፍት ከመጻሕፍቱ በላይ አስቀመጠውና ተኛ።

ክርክሩ ግን አልተኛም። ሦስት ሌሊት ስንጨቃጨቅ ከቆየን በኋላ፣ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀስ በቀስ «ዋጋው ከየት መጣ?» ወደሚል ሌላ ጥያቄ ተለወጠ። እኛም የአርትስ ተማሪዎች እንደመሆናችን መጠን ስለ ታሪኩ ልናነብ፣ ስለ ኬሚስትሪው ደግሞ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንን ልንጠይቅ ተነሣን። ያገኘነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

፩. መንፈሱ ከየት መጣ?

ፍጡሩ ስላይመር ይባላል፤ ዝልግልግ ነገር የሚያዝረበርብ እንደ ማለት ነው። የተወለደው «ጎስትባስተርስ» በተሰኘው በ1984 በወጣ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ነው። ፊልሙን ያዘጋጀው አይቫን ራይትማን ሲሆን፣ የጻፉት ዳን አክሮይድና ሃሮልድ ራሚስ ናቸው። ታሪኩ ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ አይደለም። ስለ ሙታን መናፍስት እንመራመራለን የሚሉ ሦስት ምሁራን ሥራቸው ዋጋ የለውም ተብለው ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲያቸው ይባረራሉ። የሚበሉት ሲያጡ ጊዜ መንፈስ እየያዙ ገንዘብ የሚቀበሉበት ድርጅት ያቋቁማሉ። በኋላም አራተኛ ሰው ይጨመርላቸዋል። በድርጅታቸው ስም መጀመሪያ የያዙት መንፈስ ይኸው አረንጓዴው ነው። በአንድ ትልቅ ሆቴል ኮሪደር ላይ ከምግብ ጋሪው የተረፈውን ሁሉ እያግበሰበሰ አገኙት፤ ከብዙ ትግልና ከብዙ የዕቃ ስብራት በኋላም በወጥመድ አስገቡት።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሰዎቹ ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ያቀረቡት ሒሳብ፣ ለመያዣው 4,000 ዶላር፣ ለመሣሪያው ኃይልና ለመንፈሱ ማስቀመጫ 1,000 ዶላር፣ በድምሩ 5,000 ዶላር ነበር። እንግዲህ ይህ መንፈስ ገና ከመጀመሪያው ቀን የዋጋ ተመን ወጥቶለታል፤ መጋዘን ውስጥ ለመቀመጡም ኪራይ ተቈርጦበታል ማለት ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

በፊልሙ ውስጥ ፍጡሩ በስም አይጠራም። ሠሪዎቹ በመካከላቸው «ሽንኩርት ራስ» ይሉት ነበር፤ በቀድሞው የፊልሙ ጽሑፍ መጥፎ ጠረን ያለው ሆኖ ስለ ተጻፈ ነው። የቀረጸው ስቲቭ ጆንሰን የተባለ ባለሙያ ሲሆን፣ የሚሠራው ሪቻርድ ኤድሉንድ በሚመራው የፊልም ጥበብ ድርጅት ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ዛሬ እንደሚደረገው ሁሉን ነገር በኮምፒዩተር መሳል አልነበረም። መንፈሱ የተሠራው ከስፖንጅ ጎማ ነው፤ ማርክ ብራያን ዊልሰን የተባለ ሰው ውስጡ ገብቶ ያንቀሳቅሰዋል፣ ሌሎች ደግሞ ከውጭ ሆነው ዓይኑንና አፉን በገመድ ይስባሉ። በጥቁር መደብ ፊት ለብቻው ይቀረጽና ከተዋንያኑ ፊልም ጋር ይጣመራል። በሩቅ ሆኖ በጣሪያው መብራት ዙሪያ ሲበር የሚታየው ደግሞ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ኦቾሎኒ እንደ ነበር ይተረካል። አዳራሹን ያስደነገጠው መንፈስ ከቅርብ ሲያዩት ጎማ፣ ገመድና ያላበው ሰው ነበረ።

ከጎማው በስተጀርባ ግን አንድ እውነተኛ ሐዘን አለ። ዳን አክሮይድ ፊልሙን መጻፍ ሲጀምር ከዋናዎቹ ሚናዎች አንዱን ያሰበው ለቅርብ ጓደኛው ለቀልደኛው ተዋናይ ለጆን ቤሉሺ ነበር። ቤሉሺ በ1982 በ33 ዓመቱ ሞተ፤ ሚናውም ለቢል መሪ ተሰጠ። ቤሉሺ በ1978 በወጣ አንድ የኮሌጅ ተማሪዎች ፊልም ላይ በመመገቢያ አዳራሽ ያገኘውን ሁሉ ሲያግበሰብስ ታይቶ ዝነኛ ሆኖ ነበርና፣ አክሮይድ ይህን ሆዳም አረንጓዴ መንፈስ የቤሉሺ መንፈስ ነው እያለ ይቀልድ ነበር። ጓደኛውን ያጣ ሰው የጓደኛውን ጥላ ሲበላና ሲያስቅ እንጂ ሲያለቅስ ማየት አልፈለገም ብለን እንገምታለን።

፪. ከሲኒማው ወደ ገበያው

ፊልሙ ከፍተኛ ገቢ ስላስገኘ በ1986 ለልጆች የሚሆን የካርቱን ተከታታይ ፊልም ተሠራለት። «ስላይመር» የሚለው ስም የተሰጠው በዚህ ጊዜ ነው። ጠባዩም ተለወጠ፤ በፊልሙ የታደነው መንፈስ በካርቱኑ ከአዳኞቹ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር የቤት ልጅ ሆነ። በ1988 የካርቱኑ ርእስ ራሱ በስሙ ተጀመረ። ኬነር የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያም ካርቱኑ በወጣበት ዘመን ምስሉን በፕላስቲክ እየሠራ ለልጆች ሸጠ።

ከዚያ ቀጥሎ በ1987 መልኩ በጭማቂ ላይ ተለጠፈ። መጠጡ «ኤክቶ ኩለር» ይባላል። ጭማቂውን የሚያወጣው የኮካ ኮላ ኩባንያ ክፍል ሲሆን፣ ፊልሙን ያወጣውን ኮሎምቢያ ፒክቸርስን ኮካ ኮላ በ1982 ገዝቶት ነበር። ስለዚህ መንፈሱ ሥራ ያገኘው በዘመድ ነው ብንል ከእውነት አልራቅንም። ኮሎምቢያ በ1989 ለጃፓኑ ለሶኒ ተሸጠ፤ አረንጓዴው መንፈስ ግን ጌታው ሲለወጥ በጭማቂው ላይ አያሌ ዓመት ቆየ።

ወንድማችን የደረሰው ምስል ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ፈንኮ የተባለው ኩባንያ በ1998 በአሜሪካ በዋሽንግተን ስቴት በማይክ ቤከር ተቋቋመ፤ በ2005 ወደ ብራያን ማሪዮቲ እጅ ተዛወረ። በ2010 «ፖፕ» የተባለውን ዓይነት ማውጣት ጀመረ። እነዚህ ምስሎች ሁሉም አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ፤ ቁመታቸው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ራሳቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ፣ ዓይናቸው እንደ ጥቁር አዝራር፣ አብዛኛውን ጊዜም አፍ የላቸውም። የመልኩ ፈሊጥ በከፊል ከጃፓን የተወሰደ ነው። ፊልሙ 30 ዓመት በሞላው በ2014 ኩባንያው የጎስትባስተርስን ሰዎችና ስላይመርን በዚሁ መልክ አወጣ። ለስላይመር ግን ደንቡ ተጣሰ፤ ሥራው መብላት የሆነ ፍጡር ያለ አፍ ቢቀረጽ ማን ያውቀዋል?

፫. ጨውና ነዳጅ

ምስሉ የተሠራበት ቪኒል በሙሉ ስሙ ፖሊቪኒል ክሎራይድ ይባላል፤ ለውሃ ቧንቧና ለኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ የምናውቀው ነገር ነው። የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን እንዳስረዱን ከክብደቱ 57 ከመቶ ያህሉ ክሎሪን ነው፤ ክሎሪን ደግሞ የሚገኘው ከተራ ጨው ነው። የቀረው ከነዳጅ ዘይት ወይም ከተፈጥሮ ጋዝ ይመጣል። እንግዲህ ከአረንጓዴው መንፈስ ብዙ ድርሻ የመጣው እኛ በወጥ ላይ ከምንነሰንሰው ነገር ነው።

በ1872 ኦይገን ባውማን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ቪኒል ክሎራይድ የተባለው ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ሲቆይ ወደ ነጭ ጠጣር ነገር እንደሚለወጥ ጽፎ ነበር። ሆኖም ነገሩ ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ ለብዙ ዘመን የሚፈልገው ሰው አልተገኘም። በ1926 አሜሪካዊው ዋልዶ ሲሞን ጎማን ከብረት ጋር የሚያጣብቅ ነገር ሲፈልግ፣ ይህንን ጠጣር ቶሎ በማይተን ፈሳሽ ውስጥ አሞቀው። ማጣበቂያ አላገኘም፤ ነገር ግን እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር አገኘ። ከዚያ ወዲህ የቪኒል ልስላሴ የሚመጣው ከሚጨመርበት ማለስለሻ ፈሳሽ መሆኑ ታወቀ።

የምስል ሠሪዎች ዘዴም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። የቪኒል ዱቄት ከማለስለሻውና ከቀለሙ ጋር ሲደባለቅ እንደ ቀጠነ ሊጥ ይሆናል። ሰም ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ይህ ሊጥ ግን በተቃራኒው ሲሞቅ ይጠነክራል። የሚጠነክረውም ከ160 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ግለት ነው።

፬. ሰምና መዳብ

ቅኔ የተማሩ ወንድሞቻችን «ሰምና ወርቅ» የሚለው አነጋገር ከአንጥረኛ ቤት የመጣ መሆኑን ያውቃሉ። ሰሙ በጭቃ ይሸፈናል፤ በእሳት ሲቀልጥ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ለስላሳ ቪኒል የሚሠሩ ሰዎችም ከዚህ ብዙ አልራቁም። በጃፓን ይህ የእጅ ሥራ «ሶፉቢ» ይባላል፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮም የፊልም አውሬዎችን ምስል በዚሁ ዘዴ ይሠሩ ነበር።

ቀራጩ በመጀመሪያ ምስሉን በሸክላ ወይም በሰም ያበጃል። ዛሬ በትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ ይህ በኮምፒዩተር ተቀርጾ በማተሚያ መሣሪያ አካል ያገኛል። ቪኒል ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር የመጀመሪያው ምስል ከሚፈለገው መጠን ትንሽ ከፍ ብሎ ይሠራል። ከዚህ ምስል የሰም ግልባጭ ይወሰዳል። ሰሙ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ይቀባና የመዳብ ወይም የኒኬል ጨው በሚሟሟበት ገንዳ ውስጥ ይነከራል። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲለቀቅ ብረቱ ከፈሳሹ እየወጣ በሰሙ ላይ በቀጭኑ ይነጠፋል፤ ለብዙ ቀን ሲነጠፍ ሰንብቶ ይወፍራል። ከዚያ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ፣ የምስሉን ሽብሽብ ሁሉ በውስጡ የያዘ ባዶ የብረት ፎርማ ይቀራል።

ሊጡ ወደ ፎርማው ይፈስሳል፤ የአየር አረፋ እንዳይቀርበት ይንቀጠቀጣል ወይም ይሽከረከራል። ፎርማው በጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ብረቱን የነካው ሊጥ አስቀድሞ ይያዛል፤ የእንጀራ ሊጥ ከምጣዱ በኩል እንደሚይዝ ማለት ነው። መካከሉ ገና ፈሳሽ ሳለ ፎርማው ይገለበጥና ትርፉ ይደፋል። ግድግዳው ብቻ ይቀራል። እንደገና ሙቀት ይሰጠውና ይበስላል፤ ከዚያ ለአጭር ጊዜ ውሃ ውስጥ ይነከራል።

አሁን የሥራው አስቸጋሪ ሰዓት ይመጣል። ፎርማው አንድ ወጥ እንጂ ለሁለት የሚከፈል አይደለም፤ ያለው መውጫ አንድ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ሠራተኛው ቪኒሉ ገና ትኩስና ለስላሳ ሳለ በፒንሳ ይዞ እንደ ካልሲ ይጎትተዋል። ድብልብሉ ፍጡር ተጨማድዶ፣ ተጣጥፎ ከቀዳዳው ይወጣና ወዲያው ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ጥቂት ከዘገየ ቪኒሉ ደርቆ እንቢ ይላል፤ ጥቂት ከተቻኰለ ይበላሻል። ለዚህ ሰዓት መለኪያው የሠራተኛው ጣት ነው።

ቀጥሎ ትርፍ ጠርዙ በቢላዋ ይከረከማል፤ ለብቻ የተሠሩት ክንዶች ይገጠማሉ። ቀለም የሚረጨው በምስሉ ልክ በተቈረጠ ሽፋን ላይ ሲሆን፣ ዓይንን የመሰለ ጥቃቅን ነገር በለስላሳ የሲሊኮን ማኅተም ይታተማል። የፈንኮ ምስሎች ይህን ሁሉ የሚያልፉት በአብዛኛው በቻይናና በቬትናም በሚገኙ ፋብሪካዎች ነው።

፭. በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሌላው መንፈስ

ጥሬ ዕቃው ጨውና ነዳጅ ነው፤ ርካሽ ነው። የእጅ ሥራው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ጉልበት በረከሰበት አገር ነው። ታዲያ የ10 ወይም የ15 ዶላር ዋጋ፣ በኋላም ሰብሳቢዎች ከዚያ በላይ የሚከፍሉት ገንዘብ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። አንድ ብልህ ሠራተኛ ስላይመርን አሳምሮ መቅረጽ ቢችልም ቀርጾ ሊሸጠው አይችልም፤ የመልኩ ባለቤት የፊልሙ ኩባንያ ነውና። ፈንኮም ቢሆን ከባለመብቱ ፈቃድ እየገዛ፣ ንድፉን እያሳየ፣ ከሚሸጠው ላይ ድርሻ እየከፈለ ነው የሚሠራው። በ2017 አክሲዮኑን ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ እንዲህ ያለ ፈቃድ ያገኘባቸው ፊልሞች፣ ጨዋታዎችና የመሳሰሉት ከሺህ በላይ ነበሩ። እኛም የወንድማችንን ሣጥን አገላብጠን አየነው። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የባለመብቱ ኩባንያ ስም ተጽፏል። ጎማውን የቀረጸውን፣ ውስጡ ገብቶ ያላበውን፣ በፒንሳ የጎተተውን ሰው ስም ፈለግን፤ አላገኘንም። ስለዚህ በዚህ ባዶ ቪኒል ውስጥ በእውነት የሚኖር መንፈስ ካለ ያ የባለቤትነት መብት ነው። አይታይም፣ አይዳሰስም፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ሣጥን ድርሻውን ይበላል። ምስሉ ሰም ነው፤ ወርቁ እሱ ነው።

ሁለተኛው እጥረት ነው። ከአንዳንዱ ዓይነት 6 ምስሎች መካከል 1 ብቻ በቀለም ወይም በአንድ ነገር የተለየ ሆኖ ይወጣል፤ ሰብሳቢው እሱን ሲያሳድድ ይኖራል። ሌላው በአንድ ትርዒት ላይ ብቻ ይሸጣል። ሌላው ደግሞ ከእንግዲህ አይሠራም ተብሎ ይታወጅበታል። ፎርማው ግን በየቀኑ መቶውን ሊያወጣ ይችል ነበር፤ እጥረቱ የተሠራው እንደ ምስሉ በሰው እጅ ነው።

የተሠራ እጥረት መቼ እንደሚፈርስም ታይቷል። በ2023 ፈንኮ ከመጠን በላይ ስላመረተ መጋዘኑ ሞላ፤ የማስቀመጫው ወጪ ከዕቃው ጥቅም በለጠ። ኩባንያውም ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ዕቃ ሊያስወግድ መሆኑን አስታወቀ። በ1984 ፊልም ላይ መንፈስን ለማስቀመጥ 1,000 ዶላር መጠየቁ ሰውን አስቆ ነበር፤ ከ39 ዓመት በኋላ የመንፈሶቹ ማስቀመጫ ሒሳብ በእውነት መጣ።

የተወገደውም ቢሆን አይጠፋም። ቪኒል በቀላሉ አይበሰብስም። ቤት ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ዕድሜው ሲገፋ ማለስለሻው ቀስ እያለ ወደ ገጹ እየወጣ ምስሉን ያጣብቀዋል፤ ሣጥኑ እንደታሸገ ቢቀመጥም ከዚህ አያመልጥም። ከማለስለሻዎቹ ጥቂቶቹ ለሕፃናት ጤና ያሰጋሉ ተብለው፣ በአሜሪካ በ2008 በወጣ ሕግ በልጆች መጫወቻ ውስጥ ከ0.1 ከመቶ እንዳይበልጡ ታግደዋል።

፮. ይከፈት ወይስ አይከፈት?

ይህን ሁሉ ለክፍሉ ጓደኞቻችን አነበብንላቸው። የኢኮኖሚክሱ ተማሪ፣ «እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው። ዋጋው ያለው በእሽጉ ነውና ሳይከፈት ይሸጥ» አለ። ጫማ ይሻል ነበር ያለውም በዚህ ጊዜ ከእሱ ጋር ተስማማ። ከዚህ በኋላ ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«ይህን ፊልም ያየነው በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርሁ፤ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጧል። አረንጓዴው ሲመጣ ‹ትፈራለህ› ብሎ በመዳፉ ዓይኔን ሸፈነኝ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሰማለሁ፤ ምን እንደሚያስቃቸው አላይም። በሌላ ቀን ደግመን ብንገባም ያው ሸፈነኝ። እስከ ዛሬ ‹ጋሼ፣ ምን ይመስል ነበር?› እያልሁ በስልክ እጠይቀው ነበር።»

ይህን ብሎ ሣጥኑን ከመጻሕፍቱ ላይ አወረደ፤ ማሸጊያውን በምላጭ ቀደደ። አረንጓዴውን መንፈስ አውጥቶ በመዳፉ ላይ አቆመውና አፉን፣ ምላሱን፣ ጥርሱን ቀስ እያለ ተመለከተ። ቀጥሎም በየተራ አቀበለን፤ ባዶ ስለሆነ እጅግ ቀላል ነው። የኢኮኖሚክሱ ተማሪ ሲደርሰው ገልብጦ ከሥሩ አየና፣ «ጠርዙን የከረከመው ሰው ቢላዋ እዚህ ጋ ስታለች» አለን። እኛም ተጠግተን አየን፤ እውነቱን ነበር፤ ጭረቷ ትታያለች።

ሣጥኑ አሁን የእርሳስ ማስቀመጫ ሆኗል። መንፈሱ ከመብራቱ ሥር ቆሞ ከእኛ ጋር ለፈተና ያጠናል።